ኮርኒስ ያልደረሰ ሽቦ

ዛሬም አዲስ ሕንፃ ስገባ መጀመሪያ የማየው ኮርኒሱን ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ እኔ ቀና ብዬ የጭስ ማውጫ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ደረጃው የት እንደሆነ፣ ከዚያ በሩ ወደ የት እንደሚከፈት አያለሁ። የማያውቁኝ እርጅና ነው ይላሉ። ያኔ ልደታ አብረውኝ የነበሩት ግን ነገሩን እንደፈለጉ አድርገው ሲያወሩት ኖረዋል፤ እኔም ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። አሁን በእኔ በኩል ያለውን ልጻፍ። ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ የሚገባት አንዲት ሴት አለች፤ እሷም ብትሆን እኔ የጻፍኩትን ነገር ዳግመኛ የምታነብ አይመስለኝም።

ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ከአንዲት የኮምፒውተር ጸሐፊ ልጅ ጋር የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ጃፓንኛ ያወቅሁት በወጣትነቴ መሥሪያ ቤቴ ለፈትል ፋብሪካ ሥልጠና ልኮኝ እዚያ አገር ሁለት ዓመት ተኩል ስለቆየሁ ነው። ስመለስ ይመጣል የተባለው ማሽን አልመጣም። አለቆቼ «በይ እስቲ ጃፓንኛ ተናገሪ» እያሉ ለእንግዳ ማሳቂያ አደረጉኝ እንጂ ሌላ አልተጠቀሙብኝም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች መግባት ሲበዙ የመኪኖቹን ወረቀት የሚያነብ ሰው ተፈለገ። የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን፣ የሞተር ጉልበት። በዚያ እንጀራዬን በላሁ። ክብ ማኅተም አስቀረጽኩ፤ ከእያንዳንዱ ትርጉም ግርጌ «ትርጉሙ ትክክል ነው» ብዬ እፈርማለሁ፣ በላዩ ማኅተሙን አሳርፋለሁ።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል አቤቱታ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ዕድሜያችን እኩል ነው። ወደዚያ ሕንፃ ከመግባታችን በፊት ጌጃ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሕንፃው ሲያልቅ ሁለት ክፍል ተሰጠን፤ አንዱ መስኮት አለው፣ አንዱ የለውም። ዕጣ ልንጣጣል ተስማማን። እኔ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዕጣውስ?» አልኳት።

«አንቺ አልነበርሽም። ከማን ጋር ልጣጣል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም። እሷ ግን ስለ እኔ ከመናገር አላቋረጠችም። ባለጉዳዮች እኔ ጋ ሲመጡ በሯ ላይ ቆማ «ጃፓኗን ነው? ያቺውላችሁ፤ ጃፓንኛዋ ግን ከመኪና ኮፈን አያልፍም» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። እኔ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አምፖል አብርቼ እሰማለሁ።

ባለ ሕንፃው ከእህቱ ልጅ ጋር ሆኖ ወፍራም የጃፓንኛ መጽሐፍ ይዞ የመጣው የሚሌኒየሙ በዓል ሊደርስ አካባቢ ነው። የእህቱ ልጅ መሐንዲስ ነኝ የሚል ጎረምሳ ነበር፤ ገና በሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ ሳለሁ «ማዘር» ይለኛል። ጃፓን አገር ከፈረሰ ሕንፃ ላይ የተነቀለ የእሳትና የጭስ መከላከያ ዕቃ በኮንቴይነር አስመጥተዋል። የከተማው የሕንፃ ፈታሽ ሊመጣ ነው፤ የአጠቃቀሙ መመሪያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም አርፎበት መቅረብ አለበት።

«እሜቴ፣ ይህን የምታነብ ሌላ ሰው አጣሁ» አለ ባለ ሕንፃው። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ አንቺ የሚለኝ ግን ተከራዩ ስለሆንኩ ነው።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ያለኝ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ስለሰማች ነው።

ሥራው እንደ መኪና ወረቀት አልነበረም። ጃፓኖች ለጭስ ብቻ ብዙ ስም አላቸው። ጭስን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ሌላ ነው፣ ጭስን የሚያግደው ሌላ። ሙቀት ሲነካው ቀልጦ መዝጊያውን የሚለቅ ትንሽ የብረት ቁራጭ አለ፤ ለእሱ ስም ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀሁ። ከኮርኒስ ወደ ታች እስከ ክንድ ርዝመት የሚወርድ መስታወትም አለ፤ ጭሱ በኮርኒሱ ሥር ተንሸራቶ ወደ ሌላው ክፍል እንዳይሄድ የሚይዝ። ስሙ በቀጥታ «የተንጠለጠለ ግድግዳ» ማለት ነው። ለጸሐፊዋ ልጅ ሳነብላት «እትዬ፣ ግድግዳም ይንጠለጠላል እንዴ?» ብላ ሳቀች። «የጭስ ግርዶሽ» አልኩት። እስካሁን የተሻለ አላገኘሁለትም።

ፍርሃቴ የጀመረው በዚያ መጽሐፍ ነው። ለአንባቢ የሚራራ መጽሐፍ አልነበረም። ሰው እሳቱ ሳይደርስበት በፊት በጭሱ ይወድቃል ይላል። ጭስ በደረጃ ሲወጣ ሰው ከሚሮጠው ይፈጥናል ይላል። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አደጋውን የሚያውቀው ከሁሉ ዘግይቶ ነው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስተረጉም ቀና ብዬ አራቱን ግድግዳዎቼን አየሁ። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቼ መሥራት አቃተኝ።

ቆጠራ ጀመርኩ። ከጠረጴዛዬ እስከ በሩ አምስት እርምጃ። ከበሩ ወደ ግራ አሥር እርምጃ ብሄድ ዋናው ደረጃ ነው። ወደ ቀኝ ሃያ ስድስት ብሄድ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አልፎ፣ በሕንፃው ጀርባ በኩል የሚወርደው የብረት ደረጃ። ሃያ ስድስቱን ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ግድግዳው ላይ እያንሸራተትኩ ተለማመድኩት። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ልጅ አየችኝ።

«እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው» አልኳት።

እኔ ዕቃን ሳልዳስስ ስሙን አልተረጉምም። ፈትል ፋብሪካ ያሠለጠኑኝ ሰዎች ያስለመዱኝ ነው። በየፎቁ፣ በዋናው ደረጃ አናት ግድግዳ ላይ፣ አንድ አንድ ሳጥን ተሰቅሎ ነበር። መጽሐፉ እንደሚለው ክዳኑ ተከፍቶ እጀታው ወደ ታች ሲሳብ፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ኮርኒሱ ላይ ያለውን መዝጊያ ይከፍታል፤ ጭሱም ወደ ውጭ ይወጣል። ሽቦውን የሚይዘውን ቁልፍ ማየት ፈልጌ ወጣሁ። ሳጥኑን እየገጠመ የነበረው ሠራተኛ ነቅሎ አሳየኝ። ሽቦው ከሳጥኑ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በራሱ ላይ ታስሯል። ሌላ ምንም የለም።

«ወደ ኮርኒሱ የሚሄደውስ?» አልኩት።

«ኮርኒሱ ላይ ምን አለና ይሄዳል? ይሄ ለዓይን ነው እናቴ» አለኝና ሳጥኑን መልሶ ገጠመው።

ቀና ብዬ አየሁ። ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ ድፍን።

ወደ መሐንዲሱ ሄድኩ። «ማዘር፣ እርስዎ መዝገበ ቃላት ነዎት ወይስ ፈታሽ?» አለኝ። ወደ አጎቱ ሄድኩ። እሱ ግን አልዋሸም።

«መዝጊያዎቹ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ነው የሚመጡት» አለኝ።

«እስኪመጡስ?»

«እስኪመጡማ እግዜር አለ።» ከዚያ የያዘውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እሜቴ፣ ክፍልሽ ተመችቶሻል?» አለኝ።

ገባኝ። ያንን ክፍል ባጣ ፍርድ ቤት አጠገብ ሌላ እንደማላገኝ ያውቃል። ወጣሁና ትርጉሙን ጨረስኩ። በየገጹ ፈረምኩ፣ በየገጹ ማኅተም አሳረፍኩ። ፊርማዬ የሚለው «ትርጉሙ ትክክል ነው» እንጂ «ዕቃው ይሠራል» አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ትርጉሙም ትክክል ነበር። በአንድ ቃል እንኳን ስህተት ያገኘበት ሰው እስካሁን አልመጣም።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። በየሳጥኑ ላይ የሚሰቀል ታፔላ ይፈልጉ ነበርና ጽሑፉን አጭርና ግልጽ አድርጌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሦስት ቀን ለፋሁበት። «ጭስ ባዩ ጊዜ አይደናገጡ። ክዳኑን ይክፈቱ። እጀታውን አጥብቀው ወደ ታች ይሳቡ። ከላይ ያለው መዝጊያ ተከፍቶ ጭሱን ያስወጣል።» አብነት ሰፈር ያለ ታፔላ ጸሐፊ በቀይ ላይ በነጭ ጻፈው። አምስቱ ታፔላዎች ሲሰቀሉ ደረጃ በደረጃ ወጥቼ እያንዳንዳቸውን አነበብኩ። አማርኛው ያምራል። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ አማርኛው ደስ አሰኘኝ።

ፈታሹ መጣ። ትሑት ሰው ነበር። መመሪያውን ገለጠ፣ በየገጹ ማኅተም መኖሩን አየ፣ «እንዲህ አድርጎ በአማርኛ ያዘጋጀ አላጋጠመኝም» አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። ያገለገለ ዕቃ ቢሆንም መሐንዲሱ እጀታውን አዲስ ላስቲክ አልብሶት ነበር። እኛ ዘንድ ላስቲኩ ያልወለቀ ዕቃ አይነካም፤ ሶፋም ቢሆን፣ የመኪና ወንበርም ቢሆን። ፈታሹ ላስቲኩን በጣቱ ነካ አድርጎ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። «ይሳቡት» ማለት እችል ነበር። አልፎኝ ሲሄድ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት በማሽተት ነው። ጎረቤት ቆሎ ቢያሳርር እነሳለሁ፤ መኪና ጭስ ቢተፋ እነሳለሁ። ዋናው ደረጃ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ምድር ላይ ያለው ነጋዴ የስፖንጅ ፍራሽ ማከማቻ ሲያደርገው ባለ ሕንፃውን ለመናገር ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለቴም በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ኮንቴይነር አልመጣም። መዝጊያዎቹ መቼ ይመጣሉ ብሎ የጠየቀም የለም። ሳጥኖቹ ከምንም ጋር አለመያያዛቸውን ከተከራዮቹ መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ መብራት መጣ። ሲመጣ አምፖሉ ከልማዱ በላይ ቦግ ብሎ ደከመ። ጸሐፊዋ ልጅ ኮምፒውተሩን ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኳት። ጥቂት ቆይቶ ሽታው መጣ፤ እንጨት አይደለም፣ ወረቀት አይደለም፣ ጎማ ሲቃጠል ዓይነት፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ስፖንጅ የሚለውን አስታወስኩ።

«ተነሺ» አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ጭሱ በዋናው ደረጃ በኩል ወጥቶ ከኮርኒሱ ሥር ተዘርግቷል፤ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ እየወረደ ነው። መጽሐፉ እንደጻፈው ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደተጻፈው መሆኑ። ወደ ግራ ስመለከት በደረጃው አናት ላይ አንድ ሰው በጭሱ ውስጥ ቆሟል። ጎረቤቴ ነበረች። የሳጥኑን ክዳን ከፍታ እጀታውን በሁለት እጇ ትስባለች።

አየኋት። ይህን መጻፍ ስላለብኝ ነው የምጽፈው። አየኋትና ወደ ቀኝ ዞርኩ። የልጅቷን እጅ ይዤ፣ ሌላውን እጄን ግድግዳው ላይ እያንሸራተትኩ፣ ሃያ ስድስቱን ቆጠርኩ። የብረት ደረጃው ላይ ወጣን፤ አየር አገኘን። መውረድ ጀመርን።

«እትዬ፣ ጎረቤታችንስ?» አለች ልጅቷ።

«መስኮት አላት» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ልጅቷ ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባትም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቋጥረው የኖርኩት ነገር እዚያች ቃል ውስጥ ወጣ። አሥራ አንድ ደረጃ ወረድኩ። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ያኔ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ላይ ቆምኩ። ወደ ታች መውረድ አቃተኝ። ልጅቷን «አንቺ ውረጂ፣ ሰው ጥሪ» ብዬ ተመለስኩ።

ጀግንነት አይደለም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ነጠላዬን አፌና አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ በእጅና በእግሬ ዳኽኩ፤ ከወለሉ ላይ ጥቂት ንጹሕ አየር ይቀራል ይላል መጽሐፉ፤ እሱም እውነት ነበር። ወደ ኋላ ሃያ ስድስት፣ ከዚያ ሌላ አሥር። ዓይኔ አያይም። እጄ ጫማዋን አገኘ፣ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ። ሳብኳት። አልመጣችም።

«ቆይ፣ ቆይ» ትላለች እያሳለች። «ሊከፈት ነው። ተጽፏል።»

«ተይው» አልኳት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከምንም ጋር አልተያያዘም።»

እጀታውን ለቀቀች። መጣችና ላዬ ላይ ወደቀች። እንዴት እንደወጣን በደንብ አላስታውስም፤ ግድግዳው በየትኛው እጄ በኩል እንደነበረ ብቻ አስታውሳለሁ።

የሞተ ሰው የለም። እሳቱን ያጠፉት ሰዎች ቶሎ ደርሰዋል፤ የተቃጠለው ፍራሹና የታችኛው ደረጃ ነው። ጎረቤቴ ግን ሆስፒታል ገባች፤ ከወጣችም በኋላ ወራት ሙሉ ስትስል በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር። ለሰው ሁሉ «በእሷ ጽሑፍ ልሞት ነበር» አለች። እውነት ነው። ማን እንዳወጣት ግን አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም፤ ብናገር አሥራ አንዱን ደረጃ መናገር ነበረብኝ።

ባለ ሕንፃውና የእህቱ ልጅ ደግሞ ሌላ አወሩ። ዕቃው ደህና ነው፣ ተርጓሚዋ ናት ያበላሸችው አሉ። ወደ ላይ የሚሳበውን ወደ ታች ብላ ጽፋ ነው አሉ። ከወራት በኋላ ያው ፈታሽ ተመልሶ መጣና ማኅተሜ ያለበትን ገጽ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ሁለቱ ከኋላው ነበሩ።

«እናቴ፣ ይህ የእርስዎ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«ስህተት አለበት ይላሉ።»

ፈታሹን ይዤው ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ላስቲኩ በእሷ ጣቶች ቦታ ተቀዶ ነበር።

«ይሳቡት» አልኩት።

«ወደ ታች ነው ወደ ላይ?»

«ወደፈለጉት።»

ወደ ታች ሳበው። ምንም የለም። ወደ ላይ ገፋው፤ ምንም የለም። ከዚያ ከመሐንዲሱ ካቻቢቴ ተቀብሎ ሳጥኑን ራሱ ፈታው፤ ያቺ ክንድ የምታህል ሽቦ ከነጥቅሏ እጁ ላይ ወደቀች። ኮርኒሱን አየ። እኔን አየ። «ያን ቀን ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

ባለ ሕንፃው ክፍሌን እንድለቅ ወረቀት የላከልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ፈታሹ ደብዳቤ ጽፎ ሄደ፤ ደብዳቤው የት እንደደረሰ አላውቅም። ታፔላዎቹ ግን በየፎቁ እንደተሰቀሉ ነበሩ፤ ማንም አላወረዳቸውም። በየቀኑ ባለጉዳዮች በደረጃው ሲወጡ ቆም ብለው ሲያነቧቸው አይ ነበር። ቆንጆ አማርኛ ነው፤ ሰው ቆሞ ያነበዋል።

የምለቅበት ቀን ጠዋት ወንበሬንና ካቻቢቴ ይዤ ታፔላዎቹን ከታች ጀምሬ መፍታት ያዝኩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አወረድኩ። አራተኛው ላይ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥብኝ አንድ ሰው ያዘው። ወደ ታች ሳይ ጎረቤቴ ናት። «ቀስ» አለች። አምስተኛው ፎቅ ድረስ እየሳለች ተከትላኝ ወጣች፤ በየደረጃው መታጠፊያ እያረፈች።

የአምስተኛው ፎቅ ብሎን ዝጎ እምቢ አለ። ብዙ ታገልኩት። አልሆነም። በመጨረሻ የካቻቢቴውን ጫፍ ጽሑፉ ላይ አድርጌ መፋቅ ጀመርኩ፤ ከ«አይደናገጡ» ጀምሬ፣ ቃል በቃል፣ ነጩ ቀለም እንደ ዱቄት እየረገፈ። ክንዴ ሲዝል አቆምኩ።

«‹ይሳቡ› የሚለው ገና ይነበባል» አለች ከታች።

ደግሜ ፋቅሁት።